ታናናሾቻቸውን ለሚያሳድጉ የቲሞች የጤና መድህን፦ ስማቸው በየትኛው መዝገብ ሰፍሯል?

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሶ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይስፈን።



የየቲም ጉዳይ ሲነሣ በብዙዎቻችን ሐሳብ ውስጥ የሚመጣው በአያት ወይም በአጎት ቤት የሚያድግ ሕፃን ነው። ይሁን እንጂ በጋፋት፣ በደብረ ታቦር ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋማ ቀበሌዎች ወላጆች ከሞቱ በኋላ ቤቱ ሳይበተን፣ ታላቅ እህት እንደ እናት፣ ታላቅ ወንድም እንደ አባት ሆነው ታናናሾቻቸውን የሚያሳድጉባቸው ቤቶች አሉ። እነዚህ ታላላቆች ራሳቸው ገና ወጣቶች ናቸው። በረመዳንና በዒድ ወቅት ልብስ፣ እህልና የትምህርት ቤት ደብተር እንዲያገኙ ምእመናን የሚያደርጉት እርዳታ ምንዳው በአላህ ዘንድ የተጻፈ ነው፤ ኢንሻአላህ። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊያፈርሰው የሚችለው ነገር የልብስ እጦት አይደለም፤ በሽታ ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። በቀን ሥራ ወይም በጉልት ንግድ የሚተዳደር ቤት ለሕክምና ያስቀመጠው ገንዘብ የለውም። ታናሹ ሲታመም ታላቂቱ ሥራዋን ትታ ታስታምማለች፤ በዚያን ቀን ገቢ የለም። ከዚያም ያለችው በግ ትሸጣለች፣ ብድር ይገባል፣ ቀጥሎም ከልጆቹ አንዱ ትምህርቱን አቋርጦ ለሥራ ይወጣል። ሌላው መንገድ ደግሞ «ነገ ይሻለዋል» እያሉ ሕክምናውን ማዘግየት ነው። የዚህ መንገድ መጨረሻ ከመጀመሪያው የከፋ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ በልጆች ላይ የሚከሰተው የጉሮሮ ቁስለት (ቶንሲል) መንስኤው ባክቴሪያ ከሆነ በጤና ጣቢያ በሚሰጥ ፔኒሲሊን ይድናል። በጊዜው ሳይታከም ሲቀር ግን በአንዳንዶቹ ልጆች ላይ የልብ በር ሕመም ያስከትላል። ያን ጊዜ ሕክምናው ለዓመታት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መርፌ መወጋት፣ ሲከፋም የልብ ቀዶ ሕክምና ይሆናል። በጥቂት ብር ሊታከም ይችል የነበረው ሕመም መላውን ቤተሰብ የሚያናጋ መከራ ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ቤተሰቦች ከእንዲህ ያለው አደጋ ስለሚጠብቀው አቅምን ያገናዘበ የጤና መድህን እናብራራለን። ዋናው መልእክታችንም አንድ ነው፦ የቲሙ ስሙ በአንድ የመድህን መዝገብ ላይ፣ ከመታመሙ በፊት፣ መስፈሩን እናረጋግጥ።

መድህኑ ምንድን ነው?

የግል ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚሸጡት የጤና ዋስትና በአብዛኛው ለድርጅት ሠራተኞች በቡድን የሚሰጥ በመሆኑ ለእነዚህ ቤቶች የሚሆን አይደለም። ለእነርሱ የሚሆነው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን የሚባለው ነው። ይህ መድህን በአገራችን በ2003 ዓ.ም በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የደቡብ ጎንደሩ ፎገራ ነበር። ስለሆነም ጉዳዩ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። ከዚያ ወዲህ መድህኑ ወደ አብዛኞቹ የአገሪቱ ወረዳዎች ተስፋፍቷል።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በግብርናና በልዩ ልዩ የግል ሥራ የሚተዳደሩ ቤተሰቦች በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላሉ። መንግሥትም ድጎማ ይጨምርበታል። ገንዘቡ በአንድነት ተቀምጦ የታመመው አባል ሲታከም ለጤና ተቋሙ ይከፈልበታል። አባሉ የካርድ፣ የምርመራ፣ የመድኃኒት፣ የአልጋና የቀዶ ሕክምና ወጪ ከኪሱ ሳያወጣ ይታከማል። ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና በውጭ አገር የሚደረግ ሕክምና ግን በዚህ ውስጥ አይካተቱም።

ምዝገባው በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ መሆኑ በሚገባ ሊታወቅ ይገባል። የታመመውን ልጅ ብቻ ለይቶ ማስመዝገብ አይቻልም። ይህ የተደረገው ሕሙማን ብቻ ተመዝግበው ጤነኞች ከቀሩ የጋራው ገንዘብ ስለማይዘልቅ ነው። የመዋጮው መጠን ባለፉት ዓመታት እየጨመረ የመጣ ሲሆን እንደ ቦታውና እንደ ቤተሰቡ ብዛት ይለያያል። ስለዚህ የዓመቱን ልክ ከቀበሌ ወይም ከወረዳው የጤና መድህን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

በተጨማሪም መድህን ያለውም የሌለውም ሰው በመንግሥት ጤና ተቋማት ያለ ክፍያ የሚያገኛቸው አገልግሎቶች እንዳሉ መዘንጋት አይገባም። የሕፃናት ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሕክምና፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ የእርግዝናና የወሊድ ክትትል ከእነዚህ ይቆጠራሉ። «ገንዘብ የለኝም» ተብሎ እነዚህ ሊቀሩ አይገባም።

ሸሪዓችን ስለዚህ ምን ይላል?

አንዳንድ ወንድሞችና እህቶች «ኢንሹራንስ ሐራም አይደለምን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከተቅዋ የመነጨ ስለሆነ የሚመሰገን ነው። መልሱ ግን መለየትን ይጠይቃል። በ1406 ዓመተ ሂጅራ (ታኅሣሥ 1978 ዓ.ም) ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በጅዳ ባደረገው ጉባኤ በተወሰነ ክፍያ ለትርፍ የሚደረገውን የንግድ ኢንሹራንስ በውስጡ ከፍ ያለ ገረር (ያልታወቀ ነገርን መገበያየት) ስላለበት የተከለከለ ነው ብሏል። በአንጻሩ በመዋጮና በመረዳዳት ላይ የቆመውን የትብብር መድህን ከሸሪዓ መሠረቶች ጋር የሚስማማ አማራጭ አድርጎ ተቀብሎታል።

ማኅበረሰብ አቀፉ መድህን በባሕርዩ ወደ ሁለተኛው ይቀርባል። ባለ አክሲዮን የለውም፤ ትርፍም አይከፋፈልበትም፤ የአንዱ መዋጮ ለሌላው ሕክምና ይውላል። ከዕድራችንና ከቅሬያችን ጋር የሚመሳሰል ነው። ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) የአሽዐሪዮችን ጎሣ ያወደሱት ስንቃቸው ሲያልቅባቸው ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው እኩል ይካፈሉ ስለነበር መሆኑ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ስለሆነም ከፋዩ ሲከፍል ነያውን ለተባሩዕ፣ ማለትም ወንድሙን ለመርዳት ያድርግ። ዓመቱን ሙሉ ሳይታመም ቢቀር «ገንዘቤ ባከነ» አይበል፤ አልሐምዱሊላህ ይበል። በልቡ ጥርጣሬ የቀረበት ሰው የሚያምናቸውን ዓሊም ይጠይቅ።

ስም የሚሰፍርባቸው ሦስት መንገዶች

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንዲት የ20 ዓመት ወጣት በጋፋት የ15 እና የ11 ዓመት ወንድሞቿንና የ7 ዓመት እህቷን ታሳድጋለች እንበል። የ13 ዓመቱ ሌላው ወንድሟ ደግሞ በፋርጣ ገጠር አጎታቸው ዘንድ በግ ይጠብቃል። ወጣቷ «አጎታችን መድህን አለው» ብላ ታስባለች። አጎትየው ደግሞ «የእነርሱ ጉዳይ በቤታቸው ያለቀ ነው» ብሎ ያስባል። በአጎትየው የመድህን ደብተር ላይ የሰፈሩት እርሱ፣ ሚስቱና የወለዳቸው ልጆች ብቻ ናቸው። በዚህ አኳኋን አምስቱም ልጆች በየትኛውም መዝገብ ላይ ሳይኖሩ ዓመቱ ያልፋል። ይህም የሚታወቀው አንዱ ታሞ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ነው።

ይህ እንዳይሆን ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛ፦ ራሳቸውን የቻሉ ቤተሰብ ሆነው መመዝገብ። ታላቂቱ 18 ዓመት የሞላት ስለሆነ የቤተሰብ ኃላፊ ሆና ታናናሾቿን በሥሯ ታስመዘግባለች። ለዚህም የቀበሌ መታወቂያዋ፣ አብረው የሚኖሩት ልጆች ስም በቀበሌው የቤተሰብ ቅጽ ላይ መስፈሩ፣ እንዲሁም የአባላቱ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል። መዝገቡ እስከ አሁን በሟቹ አባት ስም ከሆነ አስቀድሞ መስተካከል አለበት።

ሁለተኛ፦ በዘመድ ደብተር ላይ በተጨማሪ ቤተሰብነት መግባት። የመድህኑ መደበኛ ቤተሰብ ባል፣ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ከእነርሱ ውጪ በቤቱ የሚኖር ሰው ተጨማሪ መዋጮ ተከፍሎለት ሊመዘገብ ይችላል። በምሳሌያችን በአጎቱ ዘንድ ላለው ልጅ የሚስማማው ይህ ነው። አጎትየው ጭማሪው ከከበደው ማኅበር ወይም ለጋሽ ሊያግዘው ይችላል። በቃል «የእኛ ልጅ ነው» ማለት ግን በጤና ጣቢያ መስኮት ላይ አያገለግልም።

ሦስተኛ፦ መክፈል ከማይችሉት ወገን ሆኖ መመዝገብ። በመድህኑ አሠራር መሠረት እጅግ ድሃ የሆኑ ቤተሰቦች መዋጮ በክልሉና በወረዳው መንግሥት ይሸፈናል። እነዚህ ቤተሰቦች የሚመረጡት በቀበሌው ነዋሪ ተሳትፎ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ወጣት የሚመራው ቤት በስብሰባ ላይ ድምፅ የለውም፤ ስብሰባው መቼ እንደሆነም ላይሰማ ይችላል። የአባታቸው ቤትና ጥቂት መሬት በስማቸው ስላለ «ሀብት አላቸው» ሊባሉም ይችላሉ። ስለዚህ የመስጂዱ ኢማም፣ የዕድሩ ዳኛና ጎረቤቶች በስብሰባው ተገኝተው ሁኔታቸውን በትክክል ሊመሰክሩላቸው ይገባል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ቤት ለቤት የምትዞር በመሆኗ ኑሯቸውን ታውቃለችና ሊያማክሯት ይበጃል። እውነቱን መመስከር አማና ነው፤ የማይገባውን ሰው ማስመረጥ ደግሞ የየቲሙን ድርሻ መንጠቅ ነው።

የምዝገባውና የእድሳቱ ጊዜ በገጠሩ በአብዛኛው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ጊዜው ካለፈ እስከ ሚቀጥለው ዓመት መጠበቅ ሊመጣ ስለሚችል ቀኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ ተመዝጋቢም አገልግሎቱ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚሰጠው ይጠይቅ።

ታላቅየው የመንግሥት ወይም የድርጅት ደመወዝተኛ ከሆነ ጉዳዩ ይለያል። ለደመወዝተኞች የታሰበው መድህን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የወጣው ማኅበራዊ የጤና መድህን ሲሆን ተግባራዊነቱ ለብዙ ዓመታት ዘግይቷል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ወንድም ታናናሾቹ በየትኛው መንገድ ሊታቀፉ እንደሚችሉ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ያስረዳ።

የሞግዚትነት ማስረጃ

ልጆችን ማብላትና ማልበስ ወረቀት አይጠይቅም። ነገር ግን ልጁ ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልገው የሚፈርመው ማን ነው? ከአባቱ በወረሰው ገንዘብ ላይ የሚያዘውስ? እዚህ ላይ ሕጋዊ ማስረጃ ይፈለጋል።

የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ወላጆች በሌሉ ጊዜ ከአያቶች ቀጥሎ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድሞችንና እህቶችን በሞግዚትነት ያስቀምጣል። በክልላችን የሚሠራበት የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 የወጣው ነው። ሙስሊሞች ባለጉዳዮችም ከፈቀዱ የሞግዚትነት ጉዳያቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማስወሰን ይችላሉ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንኡስ አንቀጽ 5 ለዚህ በር ከፍቷል። በፊቅህም ወንድም በወንድሙ ንብረት ላይ በወንድምነቱ ብቻ ወሊይ አይሆንም። አባት በኑዛዜ ወሲይ አድርጎት ከሆነ ወይም ቃዲ ከሾመው ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ማውጣት የመንግሥትን ትእዛዝ መፈጸም ብቻ ሳይሆን የሸሪዓውንም ሥርዓት መጠበቅ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልጉት የወላጆች የሞት ምስክር ወረቀትና የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ናቸው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ ከ2008 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በየቀበሌው ይካሄዳል። ሞት በጊዜው ካልተመዘገበ በኋላ ማስረጃውን ማግኘት አድካሚ ይሆናልና ለቅሶ ላይ የምንቀመጥ ጎረቤቶች ይህንንም እናስታውሳቸው።

የቲሙ ከውርስ ያገኘው ገንዘብ ካለው የመድህን መዋጮውን ከዚያ መክፈል ይፈቀዳል፤ ለራሱ ጥቅም የዋለ ወጪ ነውና። ሆኖም በሱረቱ ኒሳእ ቁጥር 6 እና 10 ላይ የቲምን ገንዘብ ስለሚይዙ ሰዎች የመጣውን ብርቱ ማስጠንቀቂያ በማስታወስ የተከፈለውን ሁሉ በደብተር መመዝገብና ደረሰኙን ማስቀመጥ ይገባል።

ደብተሩ ከተያዘ በኋላ

ሕክምናው የሚጀምረው በጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ሲሆን በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ይልካል። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ወጪውን ራሱ እንዲሸፍን ሊገደድ ይችላል።

በጤና ተቋሙ መድኃኒት ሳይገኝ ሲቀር አባላት «ከውጭ ግዙ» የሚባሉበት ጊዜ አለ። ይህ ብዙዎችን ያማርራል፤ ቅሬታቸውም ተገቢ ነው። በዚህ ጊዜ ማዘዣውንና የግዢ ደረሰኙን ይዞ በተቋሙ ያለውን የመድህን ክፍል ወይም የወረዳውን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ እንጂ ደብተሩን ጥሎ መቅረት አይበጅም። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የተከሰተው ግጭት የመንገዱንም የመድኃኒቱንም አቅርቦት እንዳዛባው ይታወቃል። አላህ ለአገራችን ሰላሙን ያውርድ።

ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው ዕድሜ ነው። በሸሪዓ የቲምነት ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን በመድረስ ያበቃል፤ በመድህኑ መዝገብ ግን ወሰኑ 18 ዓመት ነው። ልጁ 18 ሲሞላው ከመደበኛው ቤተሰብ ስለሚወጣ ተጨማሪ መዋጮ ሊከፈልለት ወይም በራሱ ሊመዘገብ ይገባል።

ለጋሾች ምን ያድርጉ?

ብዙውን ጊዜ ለሕክምና ገንዘብ የምንሰበስበው ልጁ አልጋ ከያዘ በኋላ በመስጂድ በር ላይ ነው። ይህም ኸይር ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚታደገው አንድን ልጅ ለአንድ ጊዜ ነው። አስቀድሞ የተከፈለ መዋጮ ግን የአንድን ቤት ልጆች በሙሉ ዓመቱን ሙሉ ይጠብቃል። ታላቂቱም ሕመሙ ሳይጠና ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ለመውሰድ ትደፍራለች፤ የክፍያው ፍርሃት ከፊቷ ተነሥቷልና።

ስለዚህ የቲም የሚረዳ ሰው እነዚህን ይፈጽም፦

1. የሚረዳው ልጅ ስሙ በማን ደብተር ላይ እንደሰፈረና ደብተሩ ለዓመቱ መታደሱን ይጠይቅ፤ ወረቀቱንም በዓይኑ ይመልከት።

2. ቤተሰቡ መዋጮው በመንግሥት የተሸፈነለት ከሆነ ድጋሚ አይክፈል። ገንዘቡን መድህኑ ለማይሸፍነው ያውለው። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የመጓጓዣው፣ የአስታማሚው ምግብና ማደሪያ ደብተር ላለውም ሰው ከባድ ነው።

3. የሚሰጠው ከዘካ ይሁን ከሰደቃ ለይቶ ይናገር። የቲምነት ብቻውን የዘካ ተቀባይ አያደርግም፤ በሱረቱ ተውባ ቁጥር 60 ከተዘረዘሩት ስምንቱ ወገኖች መሆን፣ ለምሳሌ ድሃ መሆን ያስፈልጋል። ዘካ ለተቀባዩ በባለቤትነት የሚሰጥ ስለሆነ መዋጮውን ማኅበር የሚከፍል ከሆነ በአሳዳጊው ፈቃድና ውክልና ይክፈል።

4. ለአንድ ዓመት ከፍሎ አይተው። እድሳቱ ሲቋረጥ ደብተሩ ባዶ ወረቀት ይሆናል። በየመስጂዱ አንድ ሰው የእነዚህን ቤቶች የእድሳት ቀን መዝግቦ እንዲከታተል ጀማዓው ይመድብ።

ውድ አንባቢያን! የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ለነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) እንደ ሁለት ጣቶች መቀራረብ ቅርብ እንደሚሆን ተበሥሯል። ታናናሾቿን የምታሳድግ እህት ይህን ደረጃ ለማግኘት በየቀኑ ትደክማለች። እኛም ከድካሟ እንካፈል። በሚቀጥለው ጁምዓ ከሶላት በኋላ በሠፈራችን ወጣት የሚመራቸውን ቤቶች እንቁጠር፤ በእያንዳንዱም ቤት ያሉት ልጆች ስማቸው በየትኛው መዝገብ እንዳለ እንጠይቅ። በየትኛውም የሌለ ልጅ ካገኘን የምዝገባው ጊዜ ሳያልፍ እናስመዝግበው።

አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙትን ይፈውስ፣ የለጋሾችን ሥራ ይቀበል፣ የቲሞቻችንን በጤናና በኢማን ያሳድግልን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።